የአባዬ የግራ አንገት ደም ሥር ከ70 በመቶ በላይ ጠቧል ተባለ፤ ወራት መጠበቅ ይቻላል?

የከዚራዋ (ማክሰኞ ምሽት)

ሰላም ለሁላችሁ፣ የድሬም የሐረርም ሰዎች። ጽሑፌ ረጅም ነው፣ ታገሡኝ። ዝርዝሩን ካልጻፍኩ ግን ትክክለኛ ምክር አላገኝም።

አባዬ 68 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። ግፊት አለበት። ስኳርም ከያዘው ቆይቷል። ሲጋራ ቀንሷል እንጂ አልተወም። ከሰዓት ደግሞ የጫት በርጫው አይቀርም።

ባለፈው ሳምንት ከመጋላ ሲመለስ ግራ ዓይኑ ላይ ጨለማ ወረደበት። ቀኙ ያያል፣ ግራው አያይም። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ተገለጠለት። ሙቀቱ ነው ተባለና ታለፈ። እሁድ ቁርስ ላይ ግን ሻይ እየጠጣ ብርጭቆው ከቀኝ እጁ ወደቀ። "ምነው?" ስለው መመለስ ፈለገ፣ ቃሉ አልወጣ አለው። አፉም ወደ አንድ በኩል ተንጋደደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ተመለሰ። ጎረቤት "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ ይዞ መጣ። አባዬም "አለፈ አይደል፣ ምን ታስጨንቂኛለሽ" ብሎ ተቆጣኝ።

በግድ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሣ። "ንጹሕ ነው፣ ስትሮክ የለም" ብለው ቫይታሚን ሰጥተው ሸኙን። የአክስቴ ልጅ ነርስ ናት፣ እሷ አልተዋጠላትም። አንገቱ በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታይ አለች። ዛሬ ውጤቱ መጣ። እንዳለ ልገልብጠው፦

"የግራ ውስጠኛ ካሮቲድ መነሻ ላይ ወፍራም፣ ገጹ ያልተስተካከለ ፕላክ። ከፍተኛ የደም ፍጥነት 310 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ። ጥበት ከ70 በመቶ በላይ። ቀኝ፦ ከ50 በመቶ በታች።"

የደከመው ቀኝ እጁ ነው። ታዲያ እንዴት ግራ አንገት ተባለ? ተሳስተው ይሆን? ደግሞ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል፣ አዲስ አበባ ሂዱ ብለውናል። ወንድሜ ገንዘብ እስኪሰበሰብ ሁለት ሦስት ወር ይቆይ ይላል። አባዬ ደግሞ "አንገቴን ቢላ አይነካውም" ብሏል። ምን ላድርግ?

ድሬ አሸዋ (ማክሰኞ ምሽት)

አቦ አይዞሽ! አባትሽን እግዜር ይማራቸው። እኔ የማውቀው ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አፍልቶ ጠዋት ጠዋት መጠጣት ነው፣ ደም ሥር ያጸዳል ይላሉ። ሰፈራችን ውስጥ ጎበዝ ወጌሻም አለ። አንገትና ትከሻ ሲያሽ እጁ መድኃኒት ነው። ኦፕራሲዮን ከመሄዳችሁ በፊት እሱን ብታሳዩት ምን ይላችኋል?

ሶኖ ሐረር (ማክሰኞ ማታ)

ድሬ አሸዋ፣ ለሰው ማሰብህ ደስ ይላል። ይሄኛውን ምክር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የአባትሽን አንገት ማንም አይንካ። ወጌሻም፣ ፀጉር ቤት ውስጥ አንገት ይዘው ቀጭ የሚያደርጉትም። እዚያ ቦታ ላይ ፕላክ ያለበትን ሰው አንገት ሐኪም እንኳ አይጫነውም። ተላቆ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ለወጥ ጥሩ ነው፣ የተጋገረ ፕላክ ግን አያነሣም።

እኔ ሐረር ነው የምሠራው፣ ሥራዬም አልትራሳውንድ ነው። ሪፖርቱን ላስረዳሽ።

ከጉሮሮ ግራና ቀኝ በጣት ሲነካ የሚመታው ትልቁ ደም ሥር ካሮቲድ ይባላል። መንጋጋ ሥር ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ለፊትና ለራስ ቆዳ ደም ይሰጣል። ሌላው፣ ውስጠኛው የሚባለው፣ ወደ አንጎል ይወጣል። ፕላክ የሚባለው የስብና የካልሲየም ግግር የሚሠራው ብዙ ጊዜ መገንጠያው ላይ ነው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚሠራውን ነጭ ቅርፊት ታውቂዋለሽ። እንዲያ ብለሽ አስቢው። የሚያስፈራው መንገዱን ማጥበቡ ብቻ አይደለም። ገጹ ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበታል፣ ፍርፋሪውም ከደም ጋር ሽቅብ ይሄዳል።

ግራ የመባሉ ነገር ስሕተት አይደለም። የግራው አንጎል የሚያዘው ቀኙን አካል ነው። በአብዛኛው ሰው ንግግርም በግራ በኩል ነው። ዓይን ግን አይሻገርም። የግራ ካሮቲድ ደም የሚሰጠው ለግራ ዓይን ነው። ስለዚህ የግራ ዓይን መጨለም፣ የቀኝ እጅ መድከምና የንግግር መጥፋት ሦስቱም የሚጠቁሙት አንድ ቦታ ነው፣ የግራ ካሮቲድ። አልትራሳውንዱ ያገኘውም እዚያው ነው። ይሄ መገጣጠም ለሐኪሙ ከፐርሰንቱ ባልተናነሰ ይጠቅመዋል። የዓይኑን ነገር እንዳትረሺ፣ ሲጠየቁ ብዙ ሰዎች "እሱማ ሌላ ነው" ብለው ይተዉታል።

310 የተባለው ፍጥነት ነው። ደም በጠበበ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል። ከ125 በታች ከሆነ አንጨነቅም። ከ230 ሲያልፍ ጥበቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ነው ብለን እንጽፋለን። አንድ ነገር ልጨምር። ደም ሥሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ፍጥነቱ መልሶ ይወርዳል። ካልሲየም ሲበዛም ማሽኑ ከኋላው ያለውን አያይም። ለዚህ ነው በአልትራሳውንድ ብቻ ሰው ኦፕራሲዮን ከመግባቱ በፊት ሁለተኛ ምስል የሚጠየቀው።

ነርስ ለገሀሬ (ረቡዕ ጠዋት)

"ሲቲው ንጹሕ ነው" ተብሎ መሸኘቱ በጣም ነው ያናደደኝ። አልፎ የሚሄድ የደም እጥረት አንጎል ላይ ጠባሳ ላይተው ይችላል። ሲቲው ንጹሕ መሆኑ ደም አልፈሰሰም ማለት ነው፣ ይሄም ጥሩ ዜና ነው። ሰውየው ደህና ነው ማለት ግን አይደለም። ድሬ ላይ ይሄን ደጋግሜ አይቻለሁ። አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል፣ ከዚያ ይመለሳል። "ምች ነው" ወይ "ሙቀት ነው" ይባላል። ቤተሰቡም ስለተመለሰ ደስ ብሎት ይተኛል። ትልቁ ስትሮክ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ በነዚያ ቀናትና ሳምንታት ውስጥ ነው።

እህቴ፣ አባትሽ እንደገና እንዲህ ከሆኑ ይመለሳል ብላችሁ ቤት አትጠብቁ። በባጃጅም ቢሆን ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የከዚራዋ (ረቡዕ ጠዋት)

ሶኖ ሐረር፣ አላህ ይስጥህ፣ አሁን ገባኝ። ለአባዬም አነበብኩለት። "ዓይኔንም ያመጣው እሱ ነው?" ብሎ ዝም አለ። ሐኪም የሆነ ሰው ካለ ስለ ጊዜው ንገሩኝ እባካችሁ። ወንድሜን ማሳመን አለብኝ።

ሐኪሙ ከሸገር (ረቡዕ ቀትር)

እህቴ፣ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ሳላያቸው ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸዋል ወይም አያስፈልጋቸውም አልልሽም። በሙያው የሚታወቀውን ግን እነግርሻለሁ። እንደጻፍሽው ከሆነ ደግሞ ሁለት ሦስት ወር የሚባል ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1991 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ናሴት የተባለ የሰሜን አሜሪካ ትልቅ ጥናት ውጤቱን አወጣ። ምልክት የታየባቸውና ጥበታቸው ከ70 እስከ 99 በመቶ የሆነ ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከ100ው 26ቱ በ2 ዓመት ውስጥ በዚያው ወገን ስትሮክ ያዛቸው። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ግን 9 ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ያመጣው ስትሮክ እዚያው 9 ውስጥ ተቆጥሯል። የዚያ ዘመን መድኃኒት እንደ ዛሬው ጠንካራ አልነበረም፣ ይሄ እውነት ነው። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ጥያቄ። በ2004 የትልልቅ ጥናቶችን መረጃ አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ ይህን አገኙ። ከምልክቱ በኋላ በ2 ሳምንት ውስጥ ከገቡት አንድ ሰው ከስትሮክ ለማዳን 5 ሰው መቅደድ ይበቃ ነበር። ከ12 ሳምንት በላይ ከቆዩት ግን አንድ ሰው ለማዳን 125 ሰው መቅደድ ያስፈልጋል። ያው ኦፕራሲዮን፣ ያው ጥበት። የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ወንድምሽ ገንዘቡን ከሦስት ወር በኋላ ይዞ ቢመጣ የሚገዛው ነገር አብዛኛው ዋጋ አልቋል።

እስከዚያ መድኃኒት ዛሬውኑ መጀመር አለበት። ሲቲው ደም መፍሰስ እንደሌለ ስላሳየ፣ በአካባቢያችሁ ያለ ሐኪም ደም እንዳይረጋ አስፒሪን፣ ምናልባትም ለአጭር ጊዜ ክሎፒዶግሬል፣ ከኮሌስትሮል መድኃኒት ከነአቶርቫስታቲን ጋር ይጀምርላቸዋል። ኮሌስትሮላቸው ብዙ ባይሆንም አቶርቫስታቲን ፕላኩን ያረጋጋል። በራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አታደራርቡ። ግፊታቸውም ይስተካከል፣ ግን በአንድ ጊዜ አይጣል። የጠበበ ደም ሥር ላለው ሰው ድንገት የወረደ ግፊትም አደጋ ነው። በድሬ ሙቀት ውሃ ይጠጡ።

ስትመጡ እነዚህን ይዛችሁ ኑ፦ የዶፕለሩን ወረቀት፣ የሲቲውን ሲዲ፣ የልብ ኢሲጂ፣ የኩላሊት ምርመራ። ኢሲጂው ለምን? የልብ ምት መዛባትም የረጋ ደም ወደ አንጎል ይልካል። ከልብ ነው ከአንገት የሚለው መለየት አለበት። ኩላሊት ደግሞ ደም ሥርን በቀለም ለሚያሳየው ለሲቲ አንጂዮግራም የሚሰጠው ቀለም በኩላሊት ስለሚወጣ ነው። ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ ለምስል ባለሙያው ንገሩት።

ጅቡቲ ያለሁት (ረቡዕ ማታ)

ወንድሟ እኔ ነኝ። ሊንኩን ልካልኝ ነው የገባሁት። ገንዘብ ቆጥቤ አይደለም። ፈርቼ ነው። እዚህ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ኦፕራሲዮኑ ራሱ ስትሮክ ያመጣል አለኝ። አባቴ አሁን ይሄዳል፣ ይናገራል፣ ይስቃል። በእግሩ አስገብቼ በቃሬዛ ባወጣውስ? ዶክተር፣ ይህን በግልጽ ንገረኝ።

ሐኪሙ ከሸገር (ረቡዕ ማታ)

ወንድሜ፣ የፈራኸው ነገር እውነት ነው፣ አልደብቅህም። በናሴት ጊዜ በቀዶው ወር ውስጥ ስትሮክ የያዛቸው ወይም የሞቱ ከ100ው ወደ 6 ይጠጋሉ። ዛሬ መመሪያዎች የሚሉት ምልክት ለታየበት ሰው ይህ ቁጥር ከ6 ማለፍ የለበትም ነው። ያለፈ ከሆነ ጥቅሙ ይበላል። ስለዚህ ሐኪሙን ጠይቁት። "እናንተ ጋ ይሄን ኦፕራሲዮን ስንት ጊዜ ሠርታችኋል? ስትሮክ የገጠማቸው ስንት ናቸው?" በሉት። ነውር አይደለም። ጥሩ ሐኪም ቁጥሩን ያውቃል፣ ሲጠየቅም አይቆጣም።

ሥራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አባታችሁም ሲሰሙት ፍርሃታቸው ይቀንስ ይሆናል። ከጆሮ ሥር ጀምሮ ወደ ደረት የሚወርደው የአንገት ጡንቻ አለ። ከፊቱ ጠርዝ ላይ ቆዳው ይከፈታል። ደም ሥሩ ይገለጣል። ሄፓሪን በመርፌ ይሰጣል፣ ደም እንዳይረጋ። ከዚያ ከላይና ከታች በመቆንጠጫ ይያዝና ደም ሥሩ በርዝመቱ ይከፈታል። ፕላኩ ከግድግዳው ተላቆ ብዙ ጊዜ በአንድ ቁራጭ ይወጣል። ውስጡ ይታጠባል፣ ፍርፋሪ እንዳይቀር አንድ በአንድ ይለቀማል። ሲዘጋ እንዳይጠብ ብዙ ጊዜ መጣፊያ ይሰፋበታል። ደም ሥሩ በተያዘበት ሰዓት አንጎል ከሌላው አንገትና ከኋላ ከሚመጡት ሥሮች ደም ያገኛል። ያ ካልበቃ ጊዜያዊ ቱቦ ይገባል።

ሙሉ ማደንዘዣም ይሆናል፣ አንገት ብቻ ማደንዘዝም ይሆናል። አንገት ብቻ ሲሆን በሽተኛው ነቅቶ እያወራን ነው የምንሠራው። እጁን እንዲጨብጥ እናደርገዋለን፣ ንግግሩ ከተንተባተበ ቱቦውን እናስገባለን። በ2008 የወጣ ትልቅ ጥናት ሁለቱ ማደንዘዣዎች በውጤት እንደማይለያዩ አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሙ በለመደው ይሥራ።

"ሙከራ ነው" የሚላችሁ ካለ፣ አይደለም። የአንጎል ደም ሥሮችን በቀለም ማየት በ1927 ሊዝበን ላይ ኤጋስ ሞኒዝ ጀመረው። ማይክል ደቤኪ ይህን ቀዶ በ1953 ሂዩስተን ውስጥ ሠራ። በ1954 ለንደን ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ እንደ አባታችሁ ደጋግሞ ምልክት የሚታይባትን የ66 ዓመት ሴት ሰውነቷን በበረዶ አቀዝቅዘው ቀደዱላት፣ ዳነችም። ዛሬ በረዶ አያስፈልግም።

እሙ ጁገል (ሐሙስ ጠዋት)

እናቴ ይህንኑ ኦፕራሲዮን ውጭ አገር አድርጋለች። ዱንያ ላይ እንደዚያን ሌሊት አልፈራሁም። ያየሁትን ልንገራችሁ፣ እኔን ማንም አላዘጋጀኝምና።

ስትወጣ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር። የከንፈሯ አንድ ጫፍ ትንሽ ወርዷል። ስትሮክ ያዛት ብዬ ጮህኩ። ሐኪሙ መጥቶ እጇን፣ እግሯን፣ ንግግሯን አየ። ስትሮክ አይደለም፣ ቦታው ላይ የሚያልፉ ነርቮች ተነካክተው ነው አለኝ። ከንፈሯ በሳምንታት ተመለሰ። ድምፅዋ ከዚያ ቆየ። የጆሮዋ ጫፍና መንጋጋዋ ግን እስከ ዛሬ ደነዝ ነው፣ ሎቲ ስታደርግ በመስታወት ነው። እሷ ግድ የላትም።

ሌላው የሃይማኖት ጥያቄ ነው፣ ማንም ስለማያነሣው ነው የምጽፈው። ሄፓሪን በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት ነው የሚሠራው። እናቴ ስትሰማ ደነገጠች። ሸይኻችንን ደወልንላቸው። ሕይወት የሚያድን ሌላ ምትክ ከሌለ ይፈቀዳል አሉን። መጣፊያውን ደግሞ ሐኪሙን ጠየቅነው። ሰው ሠራሽ ጨርቅ አለ፣ ከከብት የልብ ሽፋን የሚሠራ አለ፣ ከራሷ እግር የሚወሰድ ሥርም አለ አለን። እሷ የራሷን መረጠች። ይህን ቀድማችሁ ብትጨርሱት ጥሩ ነው። ማደንዘዣ ክፍል በር ላይ የሚነሣ ጭንቀት ከባድ ነው።

ሐኪሙ ከሸገር (ሐሙስ ጠዋት)

እሙ ጁገል፣ ይህን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ሐኪሞች ቀድመን መናገር የሚገባን ነገር ነው። አንድ ልጨምር። ከቀዶው በኋላ ባሉት ቀናት በቀዶው ወገን ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ፣ ወይም ግፊት ከወጣ፣ ወይም የሚጥል ምልክት ከታየ ወዲያው ሆስፒታል መመለስ ነው። ለዓመታት ደም ያነሰው አንጎል ድንገት ሲጥለቀለቅ የሚመጣ ችግር ነው። ብዙ አይደለም፣ ግን አደገኛ ነው። ለዚህ ነው ግፊት መለኪያ ቤት ውስጥ ይኑር የምንለው። አንገቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ከከበደም እንደዚያው።

ሳቢያን 60 በመቶ (ሐሙስ ከሰዓት)

ይቅርታ፣ ክሩን ላቋርጥ። ዕድሜዬ 61 ነው። አልፎ አልፎ ያዞረኛል። አንገቴ ሲታይ በቀኝ 60 በመቶ ተባለ። እጄም ዓይኔም ምንም ሆኖ አያውቅም። ይህን ሁሉ ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። እኔም ልቀደድ?

ሐኪሙ ከሸገር (ሐሙስ ማታ)

ጋሼ፣ የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው፣ ይተኙ። ማዞር ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ የካሮቲድ ምልክት አይደለም። የጆሮ፣ የግፊት፣ የስኳር ሊሆን ይችላል፣ እሱን ያስመርምሩ። ምልክት ያላመጣ ጥበት ስሌቱ የተለየ ነው። በ1995 የወጣው አካስ የተባለ ጥናት 60 በመቶና ከዚያ በላይ ጥበት ኖሮባቸው ምልክት የሌላቸውን አየ። በ5 ዓመት የስትሮክ ግምቱ በመድኃኒት 11፣ በቀዶ 5 ከመቶ ነበር። ጥቅም አለ፣ ግን ጠባብ ነው፣ በዓመት ከመቶ አንድ ሰው ገደማ። ያውም ቀዶው ከ100 ከ3 ሰው በታች ሲጎዳ ነው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ በጣም ተሻሽሏል። ስለዚህ ለእርስዎ ቀድሞ የሚመጣው አቶርቫስታቲን፣ አስፒሪን፣ ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ ነው። ከዚያ በየጊዜው ዶፕለር። ጥበቱ ከባሰ ያኔ እንነጋገራለን።

ሙሉ በሙሉ 100 በመቶ የተዘጋ ደም ሥር ደግሞ በአብዛኛው አይከፈትም። የሚያልፍ ደም የለም፣ የሚሄድ ፍርፋሪም የለም። ሰዎች ይህን ሲሰሙ "ለከፋው እምቢ አሉ" ብለው ያዝናሉ። ምክንያቱ ግን ይሄው ነው።

ድሬ አሸዋ (ሐሙስ ማታ)

አቦ እኔም እየተማርኩ ነው። በስቴንት፣ በሽቦ ይከፈታል ሲሉስ ሰምቻለሁ፣ ልክ እንደ ልብ። አንገት ሳይቀደድ ማለት ነው። ለአባቷ እሱ አይሻልም?

ሐኪሙ ከሸገር (ሐሙስ ማታ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። አለ። በእግር ደም ሥር ገብቶ እስከ አንገት ሽቦ ይወጣና ጥበቱ ላይ ስቴንት፣ ማለትም የሽቦ መረብ ቱቦ፣ ይዘረጋል። ክሬስት የተባለው ጥናት በ2010 ሁለቱን በ2,502 ሰዎች ላይ አወዳደረ። ስቴንት በሕክምናው ሰሞን ስትሮክ ያበዛል፣ 4.1 በመቶ ከ2.3 ጋር ሲነጻጸር። ቀዶው ደግሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያበዛል፣ 2.3 ከ1.1 ጋር። ዕድሜ ወደ 70 ሲሄድና ሲያልፍ ቀዶው ይሻላል፣ ሽቦው የሚያልፍበት ትልቁ ደም ሥር ራሱ ያረጀና የተጠማዘዘ ስለሚሆን ነው። አንገቱ በጨረር የታከመ፣ ቀድሞ የተቀደደ፣ ወይም ልቡ ማደንዘዣ የማይችል ሰው ስቴንት ይሻለዋል። ለ68 ዓመት ሰው ልባቸው ደህና ከሆነ እኔ ቀዶውን ነው የማስቀድመው።

ጅቡቲ ያለሁት (ዓርብ ጠዋት)

ቲኬት ቆርጫለሁ። እኔ ከዚህ በባቡር ድሬ እመጣለሁ፣ ከዚያ አብረን ወደ አዲስ በአውሮፕላን። ሪፈር ወረቀቱ ተጽፏል። አባዬን ያሳመነው እኔ አይደለሁም። ነርሷ የአክስታችን ልጅ ናት። "ጋሼ፣ ቢላውን ከፈሩ ቀኝ እጅዎን ያጡታል፣ እንደ እሁዱ አይመለስም" አለችው። ፊት ለፊት። እሺ አለ።

የከዚራዋ (ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ)

ጠፋሁባችሁ፣ ይቅርታ። አባዬ ተሠርቶ ወጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ።

ሲቲ አንጂዮግራሙ ያው የድሬውን አረጋገጠ፣ 80 በመቶ አካባቢ ብለው ጻፉ። ልቡ ደህና ሆነ። በአንገት ማደንዘዣ ብቻ ነው የተሠራው። መሐል ላይ ሐኪሙ "የት ነበር የሚሠሩት?" ሲለው አባዬ ከድሬ እስከ ጅቡቲ ያሉትን ጣቢያዎች በተራ ሲቆጥርለት እንደነበር ነርሶቹ ነገሩን። ያወጡትን ቁራጭ አሳዩን። ቢጫ ነው፣ ጠንካራ፣ መሐሉ የተሰነጠቀ። ስንጥቁ ላይ ጥቁር የረጋ ደም ነበር። ወንድሜ ይህን ሲያይ ቁጭ አለ።

በማግስቱ ተራመደ። ድምፁ ትንሽ ሻክሯል፣ እሙ ጁገል ባትነግረን ኖሮ እናብድ ነበር። የጆሮውም ጫፍ ደንዝዟል።

አሁን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ሲጋራውን ትቷል፣ እስካሁን። በርጫውን ግን "ይሄንንም?" ይላል። ጓደኞቹ ከሰዓት እየመጡ ይጠሩታል። ዶክተር፣ ምን ልበለው?

ሐኪሙ ከሸገር (በዚያው ማታ)

እንኳን ደስ ያላችሁ። ጫት ግፊትና የልብ ምት ከፍ ያደርጋል። አዲስ የተሰፋ ደም ሥር ላለው ሰው በነዚህ ሳምንታት ግፊት መውጣት ከሁሉ የምንፈራው ነው። ስለዚህ አሁን ፈጽሞ አይሞክሩት። ከዚያም በኋላ ምክሬ መተው ነው። በርጫ ላይ ሲጋራ ይለኮሳል፣ የጣፈጠ ሻይ ይጠጣል፣ እራት ይዘለላል፣ ከእራት ጋር መድኃኒቱም። ጓደኞቻቸውን አታባሪ። ይምጡ፣ ቡና አፍይላቸው፣ ያጫውቷቸው። አስፒሪንና አቶርቫስታቲኑ ዕድሜ ልክ ነው። "ተሠርቼ የለም ወይ" ብለው እንዳያቆሙ።

ድሬ አሸዋ (በዚያው ማታ)

ማሻአላህ! አቦ እኔ ጓደኞቻቸው መሐል አንዱን አውቀዋለሁ መሰለኝ፣ የምድር ባቡር ሰው ነው። እነግረዋለሁ፣ ለአባትሽ ቅጠል እንዳያቀርቡለት። ወጌሻውንም ሄጄ አጫውቼዋለሁ። አፉ የተጣመመ ወይ እጁ የዛለ ሰው ከመጣብህ አንገቱን ሳትነካ ሆስፒታል ላከው ብዬዋለሁ። ሰምቶኛል።

የከዚራዋ (በማግስቱ)

አላህ ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ሶኖ ሐረር፣ ቀጣዩ ዶፕለር መቼ ነው? ለዚያ ብቻ አዲስ አበባ መመለስ አለብን? ቀኙስ ምን ይደረግ?

ሶኖ ሐረር (በማግስቱ)

ለሱ አዲስ መሄድ አያስፈልግም፣ ዶፕለር የሚሠራ ካለ እዚሁ ይበቃል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ከቀዶው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይነሣል፣ ቁስሉ ሲድን። ከዚያ ሐኪማችሁ በሚለው ልዩነት፣ በአብዛኛው በ6 ወርና በዓመት። የተሠራው ቦታ መልሶ ሊጠብ ይችላል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። ቀኙም በዚያው ቀን አብሮ ይታያል።

የበፊቱን ሪፖርት ይዘሽ ነይ። 310 የሚለው ቁጥር የተጻፈበትን። የሠራው ሐኪም የጻፈውንም የቀዶ ማጠቃለያ፣ መጣፊያው ከምን እንደሆነ የሚለውን። ከጠዋቱ ብትመጡ ይሻላል፣ ከሰዓት ወረፋው ይበዛል። አንገታቸው ላይ ቅባት እንዳይቀቡ፣ ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ ይልበሱ።